አንድ ጥቁር ጉድጓድ፣ አምስት ክብደት፦ የ3ሲ 273 ጉዳይ

550 ሚሊዮን። 886 ሚሊዮን። 260 ሚሊዮን። 410 ሚሊዮን። 578 ሚሊዮን።

እነዚህ የአምስት ነገሮች ክብደት አይደሉም። የአንድ ነገር ናቸው። 3ሲ 273 የሚባለው ኳሳር (በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ በጋለ ጋዝ የተነሳ እጅግ የደመቀ የጋላክሲ እምብርት) መሀል ላይ የተቀመጠው ጥቁር ጉድጓድ የስንት ፀሐይ ክብደት አለው? ለሚለው ጥያቄ ከ2000 እስከ 2020 በሳይንስ መጽሔቶች የታተሙ መልሶች ናቸው፤ የተደረደሩትም በዓመታቸው ቅደም ተከተል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትልቁ ቁጥር ከትንሹ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። የቤት ሚዛን እንዲህ ቢዋዥቅ ማንም አያስጠጋውም።

ግን ልኬቶቹን የሠሩት ሰዎች የዘርፉ አንጋፋዎች ናቸው። የመደመርና የመቀነስ ስህተትም የለበትም። ታዲያ ምን ሆነው ነው? ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ያዋጣል። ምክንያቱም ከዚህ እጅግ ርቀው ያሉትን ኳሳሮች የምንመዝነው 3ሲ 273ን በመሰሉ ቅርብ ኳሳሮች ላይ በተሞከረ ሚዛን ነው።

አንድ ነገር ልበል። የፊዚክስ መምህር ይህን ቢያነብ «ክብደት አይባልም፣ መጠነ ቁስ ነው» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። በወሬ ግን ሁላችንም ክብደት ስለምንል እኔም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

ኮከብ መስሎ የተገኘው

3ሲ 273 ማለት ካምብሪጅ ላይ በተዘጋጀው ሦስተኛው የሬዲዮ ምንጮች መዝገብ 273ኛው ማለት ነው። መጀመሪያ የሚታወቀው የሬዲዮ ሞገድ እንደሚልክ ብቻ ነበር። የትኛው የሰማይ ነጥብ እንደሆነ በትክክል የለየለት በ1962 ነው። ነሐሴ ወር ውስጥ ጨረቃ ከፊቱ ስታልፍ ሲሪል ሃዛርድና ባልደረቦቹ አውስትራሊያ በሚገኘው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ሞገዱ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ቅጽበት መዘገቡ። የጨረቃ ጠርዝ በየቅጽበቱ የት እንዳለ በደንብ ስለሚታወቅ ቦታው ወለል ብሎ ወጣ። በቦታው የተገኘው ተራ ኮከብ የሚመስል ነገር ነበር።

ማርተን ሽሚት ካሊፎርኒያ ባለው የፓሎማር 5 ሜትር ቴሌስኮፕ ብርሃኑን በትኖ ሲያየው መስመሮቹ (እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በብርሃን ውስጥ የሚተወው ምልክት) የማንንም ንጥረ ነገር አይመስሉም። የካቲት 1963 ላይ ነው የገባው። መስመሮቹ የሃይድሮጂን ናቸው፤ ብቻ ቦታቸውን ለቀዋል። 486 ናኖሜትር ላይ መገኘት የነበረበት መስመር 563 አካባቢ ተገኘ። የብርሃኑ ሞገድ 15.8 በመቶ ተለጥጧል ማለት ነው። ይህ ደግሞ «ኮከቡ» ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመታት በላይ ይርቃል ማለት ነው። በዚያ ርቀት እንዲህ ደምቆ ለመታየት የ4 ትሪሊዮን ፀሐይ ያህል ብርሃን መርጨት አለበት።

የመጀመሪያው ሚዛንም የመጣው ከዚህ ብርሃን ነው። ብርሃን ይገፋል። በጣም የደመቀ ነገር በዙሪያው ያለውን ጋዝ ገፍቶ ሊበትነው ይችላል። እንዳይበትነው ስበቱ መበርታት አለበት። የኤዲንግተን ወሰን የሚባለው ይህ ነው። አንድ የፀሐይ ክብደት ቢበዛ የ33 ሺህ ፀሐይ ያህል ብርሃን ይሸከማል። 4 ትሪሊዮንን ለ33 ሺህ ሲያካፍሉት 120 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 3ሲ 273 መሀል ላይ ያለው ነገር ቢያንስ 120 ሚሊዮን ፀሐይ ይመዝናል ተባለ። ይህ ወለሉ ነው። ጣሪያውን አይነግረንም። ይህን ወለል አትርሱት፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ርቀትና ፍጥነት

ትክክለኛው አመዛዘን ፀሐይን ከምንመዝንበት አይለይም። በዙሪያዋ የሚዞር ነገር ፈልግ፤ ምን ያህል እንደሚርቅና በምን ፍጥነት እንደሚዞር እወቅ፤ አለቀ። በጥቁር ጉድጓዱ ዙሪያ የሚበር የጋዝ ደመና አለ። የሃይድሮጂን መስመሮቹን የሚለቀው እሱ ነው። ደመናው ወደ እኛ ሲመጣ መስመሩ ወደ ሰማያዊ፣ ሲሸሸን ወደ ቀይ ይሄዳል። ሁሉም ሲደባለቅ ቀጭኑ መስመር ተወጥሮ ሰፊ ይሆናል። ስፋቱ ፍጥነቱን ይነግረናል። በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው።

በወረቀት ላይ እንሞክረው። ደመናው 150 የብርሃን ቀን ይርቃል እንበል። አንድ የብርሃን ቀን 26 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 3.9 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱን በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር እንውሰድ። ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ፣ በርቀቱ አባዝቶ፣ ለስበት ቋሚው ማካፈል ነው። የሚወጣው 260 ሚሊዮን ፀሐይ ነው። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። በነገራችን ላይ በዚህ ሂሳብ ደመናው አንድ ዙር ለመጨረስ 260 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ሲዞር ማየት የሚባል ነገር የለም።

ፍጥነቱን ስፔክትረሙ፣ ማለትም የተበተነው ብርሃን፣ በአንድ ሌሊት ይሰጠናል። ቸግሮ የኖረው ርቀቱ ነው። ደመናው ከምድር ሲታይ ከነጥብም ያነሰ ነጥብ ነው።

የገደል ማሚቶ

ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቢቆጥር የገደሉን ርቀት ያውቃል። ብላንድፎርድና መኪ በ1982 ይህንኑ ሐሳብ ለኳሳር አስተካከሉት። ጥቁር ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው የጋለ ጋዝ ብርሃኑ አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይደበዝዛል። ደመናው ይህን ብርሃን ተቀብሎ ነው የሚያበራው። ስለዚህ መሀሉ ሲደምቅ ደመናውም ይደምቃል፤ ግን ዘግይቶ። የዘገየበት ጊዜ ርቀቱ ነው። 100 ቀን ከዘገየ 100 የብርሃን ቀን ይርቃል።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ሻይ ካስፒና ባልደረቦቹ 28 ኳሳሮችን ለሰባት ዓመት ተኩል ተከታተሉ። አንዱ እስራኤል፣ አንዱ አሪዞና ባሉ መካከለኛ ቴሌስኮፖች ማለት ነው። ውጤቱን በ2000 አሳተሙ። ለ3ሲ 273 ያገኙት መዘግየት 387 ቀን አካባቢ፣ ክብደቱ ደግሞ 550 ሚሊዮን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሞገዱ ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ይለጠጣል። እኛ በካላንደር የቆጠርነውን ቀን ለ1.158 ማካፈል የግድ ነው። 387ቱ ከተካፈለ በኋላ የቀረው ነው። በእኛ ቀን ከ440 በላይ ነበር።

በ2004 ብራድሊ ፒተርሰንና ባልደረቦቹ እነዚህን የቆዩ መረጃዎች እንደገና አወጧቸው። ለአንዱ የሃይድሮጂን መስመር መዘግየቱ ወደ 307 ቀን ወረደ። ርቀቱ ካነሰ ክብደቱም ማነስ ነበረበት፣ አይደል? ግን 886 ሚሊዮን ሆነ! ስንት ሰው እዚህ ጋ ግራ እንደተጋባ እንጃ፤ እኔ ግን ተጋብቻለሁ።

ምስጢሩ ያለው ባለሙያዎቹ «ኤፍ» በሚሉት ማባዣ ላይ ነው። የመስመሩ ስፋት የሚነግረን ወደ እኛ የሚመጣውንና የሚሸሸውን ፍጥነት ብቻ ነው። የጣሪያ ማራገቢያ ሥር በጀርባችሁ ተኝታችሁ አስቡት። ክንፎቹ በኃይል ይዞራሉ። ግን አንዱም ወደ እናንተ አይመጣም፣ አንዱም አይርቅም። ደመናው እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ ፊቱን ወደ እኛ ካዞረ፣ ቢበርም የቆመ ይመስለናል። ዘንበል ያለው 12 ዲግሪ ብቻ ከሆነ የምናየው የፍጥነቱን አንድ አምስተኛ ነው። ክብደት ላይ ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ያለ ማስተካከያ 23 እጥፍ ይጎድላል። ዝንባሌው 8 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከ50 እጥፍ በላይ። በእርግጥ ደመናው እንደ ወረቀት ስስ አይደለም፤ ወፍራም መሆኑ ጉድለቱን ያለዝበዋል። ግን ምን ያህል ዘንበል እንዳለና ምን ያህል እንደወፈረ ካልታወቀ ያው ግምት ነው።

የ2000ው ሥራ ደመናው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይንቀሳቀሳል ብሎ ተነሳ። የ2004ቱ የመስመሩን ስፋት በሌላ መንገድ ለካ፤ ማባዣውን ደግሞ ክብደታቸው በሌላ ዘዴ ከሚታወቅ ቅርብ ጋላክሲዎች ጋር አመሳክሮ አወጣ። ያ ማባዣ 5.5 ነበር። ለብዙ ኳሳሮች አማካይ ሆኖ ደህና ቁጥር ነው። ለአንድ ኳሳር ግን አማካይ ምን ይረባል? የሰፈሩ ሰው አማካይ የጫማ ቁጥር 40 ስለሆነ ለእኔም 40 ግዙልኝ እንደማለት ነው።

ጨረቃ ላይ ያለ አውራ ጣት

በኅዳር 2018 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ኤክሃርት ስቱርም የመሩት የግራቪቲ ቡድን ሥራ ነው። ግራቪቲ ቺሌ ውስጥ ሴሮ ፓራናል ተራራ ላይ ያሉትን አራት ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፖች ብርሃን አንድ ላይ የሚያጣምር መሣሪያ ነው። አራቱ ሲተባበሩ ዝርዝር የመለየት አቅማቸው 130 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ያህል ይሆናል።

ያም ሆኖ አይበቃም። የ3ሲ 273 ደመና ከዚህ አቅም በብዙ እጥፍ ያንሳል። ፎቶ ማንሳት አይታሰብም። ቡድኑ የተጠቀመው ብልሃት ሌላ ነው፤ እኔም ከጉዳዩ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

በሌሊት ከሩቅ ሁለት ተጠጋግተው የተሰቀሉ አምፖሎች እንዳሉ አስቡ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ከርቀቱ የተነሳ አንድ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። አሁን ቀይ ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት ዓይናችሁ ላይ አድርጉ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ። ሁለቱን መለየት አሁንም አትችሉም። ነጥቡ ግን ትንሽ ዘለል ሲል ታያላችሁ። ሁለት መሆናቸውን፣ ምን ያህል እንደሚራራቁና በየትኛው በኩል እንደሆኑ አወቃችሁ ማለት ነው።

ግራቪቲ ያደረገው ይህንን ነው። የተጠቀመው ፓሽን-አልፋ የተባለውን የሃይድሮጂን መስመር ነው። መስመሩ ሲነሳ 1.87 ማይክሮሜትር ላይ ነበር፤ ተለጥጦ እኛ ጋ ሲደርስ 2.17 ላይ አረፈ። መሣሪያው በደንብ የሚያይበት ቦታ ላይ መውደቁ ዕድል ነው። ከዚያ የመስመሩን ሰማያዊ ወገንና ቀይ ወገን ለየብቻ እያዩ የብርሃኑ መሀል የት እንደሆነ ለኩ። ሰማያዊው በአንድ በኩል፣ ቀዩ በሌላ በኩል ተገኘ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰማይ ላይ 10 ማይክሮ አርክሰከንድ ገደማ ነው። ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው አውራ ጣቱን ቢያሳየን የጣቱ ስፋት ያንን ያህል ነው።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ልኬት ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። እዚህ ግን ማንም ያልጠራው ምስክር አለ። ከ3ሲ 273 የሚወረወር ረጅም የቁስ ፍላጻ፣ ጄት የሚሉት፣ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ከታየ ቆይቷል። ደመናው በእርግጥ የሚዞር ከሆነ ቀይና ሰማያዊው የሚለያዩት ጄቱን አቋርጦ በሚያልፍ መስመር መሆን አለበት፤ ልክ በእንዝርት ዙሪያ እንደሚሽከረከር ነገር። የተገኘውም እንዲሁ ሆነ። ፍርደ ገምድል መሣሪያ ቢሆን ኖሮ አቅጣጫውን እንዲህ አይመታውም ነበር።

ከልኬቱ የወጣው ሥዕል ወፍራም የሚሽከረከር ዲስክ ነው። ዝንባሌው 12 ዲግሪ ገደማ፣ አማካይ ርቀቱ 145 የብርሃን ቀን፣ የስህተት ህዳጉ 35 ቀን። ክብደቱ 260 ሚሊዮን፣ በ110 ሚሊዮን ከፍና ዝቅ ሊል የሚችል። እዚህ «ኤፍ» ከሌላ ቦታ አልተበደረም፤ ቅርጹ ከራሱ ከኳሳሩ ነው የተለካው።

145 ነው እንግዲህ። የማሚቶው ቁጥር ግን 307 ወይም 387 ነበር። ማነው የተሳሳተው?

መልሱ በዓመቱ ከራሱ ከማሚቶው ሰፈር መጣ። በ2019 የቻይና ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን የአሥር ዓመት ክትትል አሳተመ። የመሀሉን ብርሃን ሲያዩት ከአጭር ጊዜ መለዋወጡ ሥር ረጅምና ዝግ ያለ መዋዠቅ ነበረው። ደመናው ለዚያ መዋዠቅ ምላሽ አይሰጥም። ከጄቱ የሚመጣ ብርሃን ሳይሆን አይቀርም። ጄቱ የራሱን ጩኸት ሲጨምር ነበር ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ የዚያንም ማሚቶ ስንጠብቅ። እሱን ቀንሰው ሲያሰሉ መዘግየቱ 147 ቀን ሆነ።

በሰዓት 147፣ በማዕዘን 145። ሁለቱ ዘዴዎች ምንም የሚጋሩት ነገር የለም። የተለኩት መስመሮችም የተለያዩ ስለሆኑ እንዲህ መገጣጠሙ ግማሹ ዕድል ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ደስ ይላል።

ክብደቱ ግን አልተስማማም። የ2019ኙ 410 ሚሊዮን አለ። በ2020 ዋንግ ጂያን-ሚንና ባልደረቦቹ የግራቪቲን ማዕዘንና የማሚቶውን ሰዓት በአንድ ሞዴል አጣመሩ። ማዕዘኑም እውነተኛ መጠኑም ከታወቀ ርቀቱ በቀጥታ ይወጣል። በዚህም ከ3ሲ 273 እስከ እኛ ያለውን ርቀት በሌላ መለኪያ ሳይደገፉ 550 ሚሊዮን ፓርሴክ (የሥነ ፈለክ ሰዎች የርቀት መለኪያ) አካባቢ ብለው አወጡ። ትልቅ ሥራ ነው። ክብደቱ ግን 578 ሚሊዮን ሆነ፤ ከግራቪቲው ከእጥፍ በላይ። ሁለቱም የተነሱት ከዚያው ከፓራናል መረጃ ነው። ቅድም የማራገቢያውን ሂሳብ ያያችሁ ሰዎች አትደነቁም። በቀጭን ዲስክ ዝንባሌው ከ12 ወደ 8 ዲግሪ ቢወርድ ብቻ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። አራት ዲግሪ ናት ልዩነቷ።

የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ አንዱን ነጥሎ ማምለክ አልወድም። «ከ200 እስከ 600 ሚሊዮን» ብዬ እጽፋለሁ። 886ቱን ግን ትቼዋለሁ፤ የቆመበት ርቀትም ማባዣም ከሥሩ ተነስቷል።

ወደ ሩቆቹ ስንሄድ

3ሲ 273 ለእኛ ጎረቤት ነው። ሩቆቹ ጋ ስንደርስ የማሚቶው ዘዴ ትዕግሥት ያስጨርሳል። የሞገዱ መለጠጥ 2.3 (ማለትም 230 በመቶ) የሆነ ኳሳር ጊዜው በ3.3 ይባዛል። ደመናው 500 የብርሃን ቀን የሚርቅ ቢሆን ማሚቶው እኛ ጋ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ነው የሚደርሰው። ማሚቶ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ከአንድ በላይ መምጣት አለበት። የዶክትሬት ተማሪ ሆኖ የጀመረው ሰው ፕሮፌሰር ሆኖ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ አቋራጭ አለ። በቅርቦቹ ላይ እንደታየው ኳሳሩ ሲደምቅ ደመናው ይርቃል፤ ርቀቱ በግምት በድምቀቱ ስኩዌር ሩት ያድጋል። እንግዲህ ድምቀቱን ለካና ርቀቱን ገምት፤ የመስመሩን ስፋት ለካና ፍጥነቱን ገምት። አንድ ስፔክትረም፣ አንድ ክብደት። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ኳሳሮች በመዝገብ የተጻፈው ክብደት በዚህ መንገድ የወጣ ነው። ለአንድ ኳሳር ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢስት የሚገርም አይደለም። ከዚያም ይብሳል። በጣም በራቁት ላይ የታወቁት የሃይድሮጂን መስመሮች ወደ ኢንፍራሬድ ይሸሻሉ። የቀረው የካርቦን መስመር ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ በሚነፍስ ጋዝ የተበላሸ ነው። ስፋቱ የስበት ይሁን የንፋስ መለየት ያስቸግራል።

ግራቪቲ ከተሻሻለ በኋላ ይህን አቋራጭ ሩቅ ሄዶ የሚፈትሽበት ዕድል ተገኘ። በጥር 2024 የታተመው ልኬት ጄ0920 በሚባል ኳሳር ላይ ነው። የብርሃኑ መለጠጥ 2.3 ነው፤ ከዛሬ 11 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነሳ ብርሃን። ያው የቀይና የሰማያዊ ብልሃት። ክብደቱ 320 ሚሊዮን ፀሐይ ወጣ። የሚኖርበት ጋላክሲ 60 ቢሊዮን ያህል ይመዝናል። በእኛ ዘመን ካሉት ጋላክሲዎች ጋር ሲተያይ ጉድጓዱ ለቤቱ ትንሽ ነው።

ይህ ትንሽ ጉድጓድ ታዲያ ከኤዲንግተን ወሰን በላይ እየዋጠ ነው። ድምቀቱን ብቻ ይዘን በዚያ በመጀመሪያው ሂሳብ ብንመዝነው ኖሮ «ቢያንስ ይህን ያህል ነው» ብለን የምናስቀምጠው ወለል ከራሱ ከጉድጓዱ ክብደት በላይ ይሆን ነበር።